ከሰባ አምስት በታች

ጥቅምት 4

አምስት ሚዛን ፈተሽኩ። ሦስቱ አለፉ፣ አንዱ ተስተካክሎ አለፈ፣ አንዱ ታሸገ። የታሸገው የሥጋ ነጋዴው ነው። በኪሎ አርባ ግራም ይበላል። “ሚዛኑ እኮ አርጅቶ ነው” አለኝ። ሚዛን ሲያረጅ ለምን ሁልጊዜ ወደ ባለቤቱ እንደሚያደላ ጠየቅኩት። ሳቀ። እኔም ማሸጊያዬን አውጥቼ ሥራዬን ሠራሁ። ሃያ አንድ ዓመት እንዲሁ ነው... ገባሁ፣ መዘንኩ፣ ጻፍኩ፣ ወጣሁ። ከማንም ጋር ተጣልቼ አላውቅም።

ከሥራ በኋላ ጓደኛዬ ፍሬን ሻይ ቤት ጠበቀኝ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ያደግን ነን። አሁን የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ፍሬን የሚለው ስም ግን ከአውቶቡሱ በፊት የወጣለት ነው፤ ልጅ ሆነን ኳስ ስንጫወት አንዴ ከሮጠ መቆም ስለማያውቅ ለሹፈት ያወጣንለት። ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘረጋልኝ። ተራራ። አምስት ሺህ ስምንት መቶ ሜትር።

“በጥር እንወጣዋለን።”

“እነማን?”

“እኔ፣ አንተና ሲስተር።”

ሲስተር የሚስቱ ታናሽ እህት ናት፣ ነርስ። እሷን አስቀድሞ አሳምኗታል። እኔን ለማሳመን ብዙም አልለፋም። “ሃያ ሁለት ዓመት አሥራ አራት ቁጥር መስመር ላይ ወዲያና ወዲህ ነዳሁ” አለ። “አንድ ቀን እንኳ ወደ ላይ ልሂድ እንጂ!”

እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም። ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር።

ጥቅምት 8

የመጀመሪያው ልምምድ። ሲስተር የምትሠራበት ሆስፒታል ደረጃ፤ አሥራ አንድ ፎቅ፣ ሁለት መቶ አርባ ሁለት እርከን። ቅዳሜ ስለሆነ በሽተኛ ጠያቂ ብዙ ነው፤ እየተሸሎከለክን ወጣን። የሊፍቱ ጠባቂ በየዙሩ ያየናል። በሦስተኛው ዙር አላስችል ብሎት “ሊፍቱ እኮ ይሠራል” አለን።

ቦርሳችን ውስጥ ሸክም ያስፈልጋል ተባለ። ሲስተር ወደ እኔ ዞረች።

“ጋሼ፣ እርስዎ ጋ የሚዛን ድንጋይ ሞልቶ የለም እንዴ? ሃያ ሃያ ኪሎ ቢያመጡልን።”

ደነገጥኩ። መፈተሻ ድንጋይ በጓንት ነው የሚነካው። ላብ ያበላሸዋል አልኳት።

“ላብ ደግሞ ስንት ይመዝናል?” አለ ፍሬን።

“ይመዝናል።”

እርከኑ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ ሳል እስኪይዘው ድረስ ሳቀ። በጀሪካን ውሃ ተስማማን።

ጥቅምት 12

ሲስተር ሦስት የጣት መለኪያ አመጣች። እንደ ልብስ መቆንጠጫ ጣት ላይ የሚነክስ ነገር ነው። ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ ያሳያል፣ ከሥሩ የልብ ምት። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ። ሦስቱንም ቤት ወስጄ በራሴ ጣት ላይ አሥር አሥር ጊዜ ሞከርኳቸው። ልዩነታቸው ከአንድ አይበልጥም። ያልፋሉ።

ስምምነቱን እንዳልረሳው ልጻፈው። ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ መለካት። ቁጥሩን በስልክ ለእኔ መላክ። መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ማን ይያዝ ሲባል ሁለቱም ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። ተራራው ላይ የምንገዛበትን ሕግ ያወጣው ግን ፍሬን ነው። “ላይኛው ጎጆ ስንደርስ ከሰባ አምስት በታች ያነበበ ሰው ይወርዳል። ጣቱን አሙቆ ሦስት ጊዜ ይለካል፣ ከዚያ ይወርዳል። ልመና የለም፣ ኩርፊያ የለም።” ላይኛው ጎጆ አራት ሺህ ሰባት መቶ ሜትር ላይ ነው። ከእሱ በላይ መጠጊያ የለም።

“አንተ ብትሆንስ?” አለችው ሲስተር።

“እኔም ብሆን!” ጠረጴዛውን መታው። ብርጭቆዎቹ ዘለሉ።

ቤት ስደርስ እትዬ መዝገቡን አየችው። ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ካረፈች ጀምሮ አብረን ነው የምንኖረው። “ደግሞ ሰው መመዘን ጀመርክ?” አለችኝ።

ጥቅምት 21

ዝናብ። ደረጃ አሥር ዙር። ጉልበቴ ይንቋቋል። እኔ 96፣ ሲስተር 98፣ ፍሬን 97።

ጥቅምት 27

የዕቃ ምርመራ እኛ ቤት። የሁሉንም ቦርሳ አስፈትቼ አንድ በአንድ መዘንኩ። ሲስተር ሁለት የፀጉር ቅባት ይዛለች፤ አንዱ ቀረ። የጥርስ ብሩሼን እጀታ ቆረጥኩት፣ አራት ግራም ተረፈ። እትዬ ወጥ ቤት ሆና ትስቃለች።

ከፍሬን ቦርሳ ሥር ቆርቆሮ ወጣ። ቀይ ቀለም የተቀባ፣ በነጭ 14 የሚል። የአውቶቡሱ አሮጌ የመስመር ሰሌዳ ነው። የተራራው ጫፍ ላይ አቁሞት ፎቶ ሊነሳ!

“ስድስት መቶ አሥር ግራም” አልኩት። “አይሄድም።”

“እኔ አይደለሁ የምሸከመው?”

“አይሄድም።”

ሰሌዳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ወጣ። እንደ ልጅ።

ኅዳር 2

ዳቦ ቤት። ደንቡ ባለቤቱ በየጠዋቱ ሚዛኑን በአንድ ኪሎ ድንጋይ ሞክሮ መዝገብ ላይ እንዲጽፍ ነው። የዚህኛው መዝገብ ለዓይን ደስ ይላል። አንድ ሺህ፣ አንድ ሺህ፣ አንድ ሺህ... ሁለት ወር ሙሉ። “እንዴት አየኸው?” አለኝ ኮራ ብሎ። ዛሬ ጠዋት ቁጭ ብሎ በአንድ እስክሪብቶ እንደሞላው ነገርኩት። አፉን ከፍቶ ቀረ።

ለማወቅ ምንም ብልሃት አይፈልግም። እውነተኛ ሚዛን ይወላውላል። አንድ ቀን 999፣ አንድ ቀን 1001። ብርድ አለ፣ ንፋስ አለ፣ የዱቄት ብናኝ አለ። በየቀኑ ያንኑ ቁጥር የሚሰጥ ሚዛኑ ሳይሆን ሰውየው ነው። ማስጠንቀቂያ ጽፌለት ወጣሁ።

ኅዳር 3

ጠዋት የፍሬን መልእክት ገባ። 97፣ ምት 64። ልጽፍ ስል ከላይ ያለውን አየሁ። 97፣ 64። ከዚያ በላይ ያለውም። ገጹን ወደ ኋላ ገለጥኩ... ሃያ አንድ ቀን። 97፣ 64።

የእኔ ከ94 እስከ 97 ይዘላል። የሲስተር ከ96 እስከ 99። የልብ ምታችንማ ባለበት ቆሞ አያውቅም። በጣም ጤነኛ ሰው እንዲህ ይሆን?

አይሆንም።

97፣ 64 ብዬ ጻፍኩ።

ኅዳር 7

ከከተማ ወጣ ብሎ ያለውን ተራራ ወጣን፣ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ። ለሙከራ። ፍሬን መንገድ ላይ ቆሞ የጫማ ክር አሰረ። ትንሽ ሄደን እንደገና አሰረ። መቁጠር ልማዴ ነው፤ እስከ ጫፉ አሥራ ሰባት ጊዜ። በመጨረሻው ጊዜ ጠጋ ብዬ አየሁ። ክሩ አልተፈታም። ጎንበስ ብሎ ትንፋሽ ይሰበስባል።

ጫፉ ላይ ለካን። እኔ 90። ሲስተር 92። ፍሬን መለኪያውን ወደ ራሱ አዙሮ፣ በመዳፉ ከልሎ አነበበ።

“ዘጠና ሦስት!”

“አንተስ በሬ ነህ” አለችው ሲስተር።

ከንፈሩ አመድ መስሏል። ሲስተር ፎቶ እያነሳች ስለነበር አላየችውም። እኔ አየሁ።

93 ብዬ ጻፍኩ።

ኅዳር 13

የፍሬን ሚስት ደወለች። ስንት ጥንድ የሱፍ ካልሲ እንደሚያስፈልገው ልትጠይቀኝ። ከዚያ እየሳቀች...

“ወንድሜ፣ ይሄ ጓደኛህ እኮ ለየለት። ቁጭ ብሎ ነው የሚተኛው! ሦስት ትራስ ደርድሮ። ምነው ስለው፣ ልምምድ ነው ይለኛል፣ ተራራ ላይ እንዲህ ነው የሚተኛው ይላል። እውነት ነው እንዴ?”

ምን ብዬ መለስኩ? “አራት ጥንድ ይበቃዋል” አልኳት።

ኅዳር 16

97፣ 64።

ኅዳር 19

እትዬ ራት አቅርባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። “ምን ሆነሃል?”

“ምንም።”

“ይኸው ሳምንት ሙሉ ያንን መዝገብ ትከፍታለህ፣ ትዘጋለህ።”

ነገርኳት። ቁጥሩን፣ ክሩን፣ ትራሱን። ሳህኗን ገፋ አደረገች።

“አንተስ ምን አልከው?”

“የሚልኩልኝን መመዝገብ ነው ሥራዬ።”

“ሥጋ ነጋዴ ሲሆን ታሽጋለህ፣ ጓደኛህ ሲሆን ትጽፋለህ?”

ሥጋ ነጋዴው ጠላኝም አልጠላኝም ግድ የለኝም፤ ልዩነቱ እሱ ነው። ፍሬን ከጠላኝ ግን ማን አለኝ? ከእትዬ ሌላ ማን አለኝ? ይህን ለእሷ አላልኳትም። ፈርቻለሁ። ዝም ብል ይሞትብኛል፣ ብናገር አጣዋለሁ።

ኅዳር 22

በምሳ ሰዓት አውቶቡሶቹ ተሰልፈው የሚቆሙበት መጨረሻ ፌርማታ ሄድኩ። ፍሬን ባዶ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሹፌር ወንበር ላይ፣ ሁለት ክንዱን መሪው ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ገብቼ ከኋላው ተቀመጥኩ። መለኪያዬን ከኪሴ አወጣሁ።

“ጣትህን ስጠኝ።”

“ጠዋት ልኬልህ የለ? ዘጠና ሰባት።”

“ጣትህን።”

በመስታወቱ አየኝ። ከዚያ ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ዘረጋልኝ። ቀዝቃዛ ነው። አሻሽቼ አሞቅኩት። 88። 87። 88። የልብ ምቱ ቁጭ ባለበት መቶ አሥራ ሁለት።

“የመጀመሪያው ቀን እውነቱን ልልክልህ ነበር” አለ። “ዘጠና አንድ አለኝ። ዘጠና አንድ ብልህ ሲስተርን ትጠራለህ፣ ሲስተር ሐኪም ትጠራለች... ዘጠና ሰባት አልኩህ። ከዚያ ወዲህ መለኪያውን አብርቼው አላውቅም። ተራራው ላይ እንኳ አልበራም ነበር።”

መለኪያውን ከጣቱ ላይ አነሳሁ።

“አንተስ? መቼ ነው ያወቅከው?”

“ኅዳር ሦስት።”

በጣቱ ቆጠረ። “ሃያ ቀን ሊሞላ ነው። ይህን ሁሉ ቀን ምን ስታደርግ ነበር?”

“ስመዘግብ።”

መጀመሪያ የሚስቅ መሰለኝ። አልሳቀም። “እኔስ መቅረት ፈርቼ ዋሸሁ። አንተ ምን ፈርተህ ነው ዝም ያልከው?”

ተሳፋሪ መግባት ጀመረ። “ውረድ፣ ሰዓቴ ደርሷል” አለኝ። በሕይወቴ እንዲህ ባለ ድምፅ አናግሮኝ አያውቅም። ወርጄ እዚያው ፌርማታ ላይ ቆሜ ለሲስተር ደወልኩ።

ኅዳር 23

የፍሬን ዓምድ ባዶ።

ኅዳር 27

ሲስተር እጁን ይዛ ልብ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ከልቡ ቫልቮች አንዱ በደንብ አይዘጋም፤ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል። መድኃኒት ተሰጠው፤ ምናልባት በኋላ ቀዶ ጥገና። የተራራውን ነገር ሲሰማ ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ አለች። “ተሸክማችሁት ነበር የምትወርዱት” አላቸው። አውቶቡስ መንዳትም ለጊዜው የለም። ጋራዥ ውስጥ መለዋወጫ ይመዘግባል። እሱም እንደ እኔ መዝጋቢ ሆነ።

ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት “ጋሼ፣ እርስዎ ያወቁት መቼ ነው?” አለችኝ። ነገርኳት። “እሺ” ብላ ዘጋችው። አፈርኩ። እውነቱን ለመናገር በጣም ነው ያፈርኩት።

ታኅሣሥ 5

ደረጃውን ብቻዬን ወጣሁ። ሲስተር ሰዓቷን ቀይራለች። የሊፍቱ ጠባቂ “ያ ሳቂታው የት ሄደ?” አለኝ። አሞታል አልኩት። “ሊፍቱን ቢይዝ ኖሮ” አለ።

ታኅሣሥ 14

ፍሬን ቤት ሄድኩ። ከሰዓት ስምንት ሰዓት ገደማ። ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ “ተኝቷል” አለችኝ። ከውስጥ ሬዲዮ ይሰማል።

“ያን ቀን ስለ ትራሱ ስትጠይቂኝ...” ብዬ ጀመርኩ።

“ተወው፣ ወንድሜ።”

አልተውኩትም። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ፣ ወደ ውስጥ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። “ምን ፈርተህ ነው ብለኸኝ ነበር። ትጠላኛለህ ብዬ ነው! አንተን ማጣት ፈርቼ ነው!” የጎረቤት ሴትዮ መስኮት ከፍታ አየችኝ። ትየኝ። ሬዲዮው ጠፋ። ማንም አልወጣም። ትንሽ ጠብቄ ሄድኩ። ሁለት መቶ አርባ ሁለት እርከን እንዲህ አድክሞኝ አያውቅም።

ታኅሣሥ 16

ጠዋት፣ ገና ከአልጋ ሳልወርድ፣ ስልኬ ጮኸ፤ የፍሬን መልእክት። ሰላምታ የለው፣ ምን የለው። 92፣ 81።

ታኅሣሥ 17

94፣ 77።

ታኅሣሥ 18

91፣ 84። ይወላውላል! ወጥ ቤት ሄጄ ለእትዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

“ቀነሰ ማለት አይደለም እንዴ?” አለች።

ቀነሰ፣ ጨመረ፣ ቀነሰ... እውነተኛ ነው። ደስ አለኝ። ቁጥር አይቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ታኅሣሥ 25

ሦስታችን ሻይ ቤት ተገናኘን። ፍሬን ከስቷል። አብሮን እስከ ተራራው ሥር ይሄዳል፤ የመኪናው መንገድ እስከሚያልቅበት ድረስ ሐኪሙ ፈቅዶለታል። እዚያ ድንኳን ውስጥ የእጅ ሬዲዮ ይዞ ይጠብቀናል። “ሕጉ ግን እንዳለ ነው” አለ። “ከሰባ አምስት በታች ያነበበ ይወርዳል።” ስለ ሰሌዳው ምንም አላነሳም። ሲስተር ለእሱ ትስቃለች፣ ለእኔ “እርስዎ ሻይ ይጨመርልዎት?” ትላለች። ቀዝቃዛ እርስዎ ነው።

ጥር 8

የመጨረሻ ዕቃ ምርመራ። ትናንት ለፍሬን ሚስት ደውዬ ለምኛት ነበር፤ ዛሬ ሰሌዳውን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ከአራት ጥንድ ካልሲ ጋር አመጣችልኝ። ስድስት መቶ አሥር ግራም። ሁለተኛውን ሹራቤን አውጥቼ ቦርሳዬ ሥር አስገባሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

ጥር 15፣ ላይኛው ጎጆ

እስክሪብቶው በብርዱ አልጽፍ አለኝ፤ ብብቴ ውስጥ እያሞቅኩ ነው የምጽፈው። የቆርቆሮ ጎጆ፣ ስድስት የጣውላ አልጋ፣ አንድ መስኮት። ሁለቱ የተራራ መሪዎቻችን በረዶ ያቀልጣሉ። ከቀትር በኋላ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል።

ሲስተር 82።

እኔ 74።

ጣቴን አሻሸሁ። ብብቴ ውስጥ ከተትኩት። እንደገና 74። ሲስተር ጀርባዋን ሰጥታ ቦርሳዋን ታስተካክላለች፤ አላየችም። መለኪያው የእኔ፣ መዝገቡ የእኔ፣ እስክሪብቶው የእኔ። በመለኪያዎቹ መካከል የአንድ ልዩነት እንዳለ ራሴ ፈትሻለሁ። አንድ ብጨምር ማን ይከራከረኛል? ጫፉ በመስኮቱ ይታያል። መሪው ስምንት ሰዓት መንገድ ነው ይላል። ከቤት ስወጣ ብደርስም ባልደርስም ግድ የለኝም ብዬ ነበር። ውሸቴን ነው። በጣም እፈልገዋለሁ።

ሦስተኛ ጊዜ። 75 ብሎ ብልጭ አለ... ልጽፍ ነበር። 74 ላይ ቆመ።

ፍሬንን አሰብኩት፤ የመጀመሪያው ቀን፣ አልጋው ላይ፣ 91ን ሲያየው። መዋሸት ምን ያህል ቀላል እንደነበር አሁን ገባኝ።

ሬዲዮውን አነሳሁ። “ሰባ አራት” አልኩ።

ሲስተር ዞረች።

ሬዲዮው ተንጫጫ። “ጣትህን አሙቀሃል?”

“ሦስቴ ለካሁ።”

“በል ውረድ። ኩርፊያ የለም።” ትንሽ ቆይቶ ደግሞ “ሻይ እጥድልሃለሁ” አለኝ።

አንደኛው መሪ አብሮኝ ይወርዳል። ሰሌዳውን ከቦርሳዬ ሥር አውጥቼ ለሲስተር ሰጠኋት። ጋዜጣውን ገለጠችና ቀዩን ቆርቆሮ አየችው። “ይህን ሁሉ መንገድ ተሸክመኸው መጣህ? አንተ እኮ ጤነኛ አይደለህም” አለችኝ። አንተ። ከተዋወቅን ለመጀመሪያ ጊዜ። እንባዋ መጣ፣ የእኔም። መሪው ጨለማ ሳይዘን እንሂድ እያለ ነው።

ጥር 16፣ እታች

ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሬዲዮው ተንጫጫ። ነፋሱ የሲስተርን ድምፅ ይበላዋል። “ደረስኩ! ምንም አይታይም፣ ጉም ነው! አሥራ አራት ቁጥር፣ መጨረሻ ፌርማታ!”

ፍሬን ሬዲዮውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ አለቀሰ። ከዚያ “ምንም የማይታይ ከሆነ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ፣ ነይ ውረጂ እንጂ!” ብሎ ጮኸባት።

ድንኳኑ በር ላይ ተቀመጥን። ሻዩ ከትናንት ጀምሮ ሲፈላ ስላደረ ጠቁሯል፣ ጠጣነው። እኔ ተኝቼ ስለነበር የጠዋቱ ልኬት አልተመዘገበም። ፍሬን መዝገቡን ከጉልበቴ ላይ አነሳ። መጀመሪያ የእኔን ጣት ያዘ። 92። ራሱ ጻፈው፣ በዚያ ጠማማ ጽሕፈቱ። ከዚያ የራሱን ጣት አስገባ፣ ቁጥሩን ሳያይ መለኪያውን ወደ እኔ አዞረው።

“ስንት ይላል?”

“ሰማንያ ዘጠኝ።”

“ትናንት ዘጠና አንድ ነበር።”

“ይወላውላል” አልኩት።

“ጻፈው በል” አለና እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ጻፍኩት።